አንድ የሥራ ፈቃድ አማካሪ ቢሮ ሲመዘን፦ ሰነድ ያውቃሉ፣ የፈቃድ ዓይነት ግን አይለዩም

በአዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ የውጭ አገር ጉዞ አማካሪ ቢሮ ደንበኛ የሆንኩት በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። የገዛሁት «ለጀርመን የሥራ ፈቃድ ሙሉ አገልግሎት» የሚባለውን ሲሆን ዋጋው 32,000 ብር ነበር፤ ግማሹን በፊርማው ዕለት ከፍያለሁ፣ ቀሪው ማመልከቻው ሲገባ የሚከፈል ነበር። በውሉ ላይ አራት ነገሮች ተጽፈዋል፦ የሚስማማኝን የፈቃድ ዓይነት መምረጥ፣ ሰነዶቼን አስተካክሎ ማስረጋገጥ፣ ማመልከቻውን መሙላትና ለቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ቢሮዎች በከተማው አሉ፣ የገጠመኝም ነገር በዚህ በአንዱ ብቻ የሚደርስ ነው ብዬ አላምንም።

የ37 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ከተመረቅሁ ጊዜ ጀምሮ በሙያዬ ሠርቻለሁ፤ ባለቤትና አንዲት ልጅ አለኝ። ወደ አማካሪ የሄድኩት ማንበብ ስላቃተኝ ሳይሆን ሳይት ላይ ውዬ ማታ ስመለስ የጀርመንን ሕግ የማጣራበት ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የቢሮውን ሥራ በአራቱ የውል ነጥቦች እመዝናለሁ፤ አብዛኛውን ቦታ ግን የመጀመሪያው ይወስዳል፤ ቢሮው የወደቀው እዚያ ላይ ነውና።

ከሚያስመሰግናቸው ልጀምር። የሰነድ ሥራቸው በእውነት ጥሩ ነው። ዲግሪዬንና የውጤት መግለጫዬን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲረጋገጥ አድርገዋል፤ በውልና ማስረጃ የሚያልፉትን ወረቀቶች ለይተው አንድም ቀን በከንቱ ሳልመላለስ አስጨርሰውኛል። አንዲት ወጣት የሰነድ ሠራተኛ ፓስፖርቴንና ዲግሪዬን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስቀመጠች ስሜን ፊደል በፊደል ስታመሳስል አይቻለሁ። «ወንድሜ፣ የአባትዎ ስም ዲግሪው ላይ አንድ ፊደል ይጎድለዋል» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ያንን ዲግሪ ይዤ ስዞር አላየሁትም ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የስም ማስተካከያ ደብዳቤ እንዳመጣ አደረገችኝ፤ ያ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ በኋላ ስንት ሳምንት እንደምዘገይ ሳስበው ይቀፈኛል። ፋይሉንም በቢጫ ማኅደር አድርጋ፣ ከፊቱ ዝርዝር አያይዛ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር ሰጥታ ነው ያስረከበችኝ። ለዚህ ክፍል ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት የመጀመሪያው ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ስለነበርና ሕጋዊውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ስለነበረብኝ ነው።

ወደ ምክሩ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የምክር ቀጠሮዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። አማካሪዋ ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ፤ የት መሥራት እንደምፈልግ፣ ቤተሰብ እንዳለኝና ቅጥር የማግኘት ተስፋ እንዳለኝ ግን አልጠየቀችኝም። ወዲያው ከመሳቢያዋ አንድ የታተመ ሠንጠረዥ አውጥታ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ማክበብ ጀመረች። ሠንጠረዡ ጀርመኖች ሻንሰንካርተ፣ የእኛ ሰው ደግሞ ኦፖርቹኒቲ ካርድ ወይም የዕድል ካርድ የሚለው ፈቃድ የነጥብ ሠንጠረዥ ነበር። ይህ ፈቃድ ከሰኔ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቅጥር ሳይኖር ወደ ጀርመን ገብቶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ ለመፈለግ ያስችላል፤ በዚያ ጊዜም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትና በአንድ ቀጣሪ ዘንድ እስከ ሁለት ሳምንት ለሙከራ መቀጠር ይፈቅዳል። ሙያው በጀርመን ሙሉ ዕውቅና ያላገኘ ሰው ግን ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ቢያንስ ስድስት ማምጣት አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በተማረበት አገር ዕውቅና ያለው ዲግሪ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ እንዲሁም ጀርመንኛ በኤ1 ወይም እንግሊዝኛ በቢ2 ደረጃ ያስፈልገዋል (የቋንቋ ደረጃዎቹ ከጀማሪው ኤ1 ተነስተው በኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2ና ሲ1 አልፈው እስከ ሲ2 ይወጣሉ)።

የእኔ ቆጠራ እንዲህ ነበር። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ በሙያዬ አምስት ዓመት ስለሠራሁ ሦስት ነጥብ፤ ሙያዬ የሰው እጥረት ካለባቸው አንዱ ስለሆነ አንድ፤ ዕድሜዬ ከ40 ስላላለፈ አንድ፤ ለእንግሊዝኛ አንድ። ድምሩ ስድስት። አማካሪዋ ስድስቱን ሁለት ጊዜ አክብባ «ልክክ ብሎልዎታል» አለችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ደስታው ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ማታ ጀርመን ለውጭ አገር ባለሙያዎች ያዘጋጀችውን «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» የተባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍቼ ያንኑ ሠንጠረዥ ስመለከት፣ ለእንግሊዝኛ አንድ ነጥብ የሚሰጠው በሲ1 ደረጃ ለሚናገር መሆኑን አየሁ። አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ያለኝ ውጤት 6.5 ነው፤ ይህ ቢ2 ነው፤ ሲ1 የሚባለው ከ7 ጀምሮ ነው። ቢ2 ለመመዝገብ ያበቃል እንጂ ነጥብ አያስገኝም። ስለዚህ ያለኝ ነጥብ ስድስት ሳይሆን አምስት ነበር። በዚያ ስሌት ማመልከቻዬ ቢገባ ኖሮ የሚጠብቀኝ መልስ ግልጽ ነው። አማካሪዋ የውጤት ወረቀቴን በእጇ ይዛ እያየች ነበር የቆጠረችው።

ይሁንና ስህተቱን ሳሳድድ ያገኘሁት ሌላ ነገር ከዚህም የከፋ ሆነብኝ፤ ወይም የተሻለ፣ እንደ አያያዙ። ለካ ከመጀመሪያውም ነጥብ መቆጠር አያስፈልገኝም ነበር። ሕጉ ሁለት በር አለው። ዲግሪው ከጀርመን ዲግሪ ጋር አቻ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው እንደ ሙሉ ባለሙያ ይታያል፤ ለእርሱ የነጥብ ሠንጠረዡ አይሠራም፣ የቋንቋ ደረጃም ለዚህ ካርድ አይጠየቅበትም፤ መተዳደሪያ ገንዘብ እንዳለው ብቻ ያሳያል። ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ይህን ማሳየት ላልቻለው ለሁለተኛው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ አማካሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ዲግሪዎ ይመዘናል ወይ?» የሚለውን ነው። በሃያ ደቂቃው ውስጥ ይህ ጥያቄ አልተነሳም።

መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው አናቢን የተባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ነው። ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ይፈለጋል፤ ከስሙ አጠገብ ኤች ፕላስ የሚል ምልክት ካለ ተቋሙ በጀርመን እንደ ዩኒቨርሲቲ ይታወቃል ማለት ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተማሩት ዲግሪ ራሱ ደግሞ ለብቻው ተፈልጎ አቻ መሆኑ መገኘት አለበት። የእኔ ዩኒቨርሲቲ ምልክቱ ነበረው፤ ዲግሪዬ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃዎችን የሚመዝነው፣ በአጭሩ ዛብ የሚሉት ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት 208 ዩሮ አስከፍሎ ስለ ዲግሪው የምዘና ወረቀት ይሰጣል። ክፍያውን ፍራንክፈርት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ፈጸመልኝ፤ ከሁለት ወር በላይ ጠብቄ ወረቀቱ ደረሰኝ፤ ዲግሪዬ ከጀርመን ባችለር ጋር አቻ ነው ይላል። ያ ወረቀት እንደመጣ የአምስትና የስድስቱ ነጥብ ጣጣ ቀረ።

አቻነቱ ከተረጋገጠ ደግሞ የዕድል ካርዱ ራሱ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ እንዲያውም ለእንደ እኔ ያለ ባለ ቤተሰብ የተሻለው ሌላው ነው። የዕድል ካርድ ሥራ መፈለጊያ ስለሆነ ባለቤትንና ልጅን አስከትሎ ለመሄድ አያመችም። ከአዲስ አበባ ሆኖ ቅጥር ያገኘ ሰው ግን ብሉ ካርድ የተባለውን፣ ለባለ ዲግሪ ተቀጣሪዎች የሚሰጠውን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ብሉ ካርድ ዲግሪ፣ ቢያንስ የስድስት ወር የቅጥር ውልና የተወሰነ የደመወዝ ወለል ይፈልጋል፤ ጀርመንኛ አይጠይቅም፣ የትዳር ጓደኛንም ጀርመንኛ ሳይጠየቅ ለማስከተል ያስችላል። ባለ ካርዱ ከ27 ወር በኋላ፣ ጀርመንኛው ቢ1 ከደረሰ ደግሞ ከ21 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ ሊጠይቅ ይችላል። ደመወዙ ወለሉን ካልሞላም በሩ አይዘጋም፤ ለአቻ ዲግሪ ባለቤቶች የሚሰጥ ተራ የባለሙያ የሥራ ፈቃድ አለ፤ በዚህኛው ዕድሜው ከ45 ያላለፈ ሰው የተወሰነ የደመወዝ ወለል አይጣልበትም፤ ክፍያው በዚያ ሙያ ለጀርመናውያን ከሚከፈለው እንዳያንስ ብቻ ይታያል። ዲግሪያቸው በጀርመን ሳይመዘን፣ በአገራቸው ዕውቅና ያለው ትምህርትና የሁለት ዓመት ልምድ ይዘው በተሻለ ደመወዝ ለሚቀጠሩም የተከፈተ መንገድ አለ። እነዚህን ሁሉ ከመንግሥት ገጹ በሁለት ማታ አንብቤ ያገኘኋቸው ናቸው። ቢሮው ውስጥ ብሉ ካርድ የሚለው ቃል የተነሳው እኔ ስጠይቅ ነው፤ የተሰጠኝም መልስ «እሱ ለትልልቅ ሰዎች ነው» የሚል ነበር።

ትልልቅ ሰዎች ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። እንደ ምሕንድስና ላሉ የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች የብሉ ካርድ ዓመታዊ የደመወዝ ወለል በ2024 እ.ኤ.አ. 41,041.80 ዩሮ ነበር፤ በ2025 43,759.80 ሆነ፤ በ2026 ደግሞ 45,934.20 ደርሷል። ለሌሎች ሙያዎች የ2026ቱ 50,700 ነው። ለእኛ ኪስ ሰማይ የሚነካ ቢመስልም በጀርመን ለሚሠራ መሐንዲስ የማይደረስበት ደመወዝ አይደለም፤ የወር ክፍያው ከ4,000 ዩሮ በታች ነው፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። ቁጥሩ በየዓመቱ ጥር 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ይለወጣል። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እኔ በሄድኩበት ጊዜ፣ ማለትም በ2025 መገባደጃ፣ ገና የ2024ቱን ቁጥር ይዞ ነበር። አንድ ሰው በዚያ ወለል ውል ቢፈራረም ኖሮ ውሉ ለብሉ ካርድ ባልበቃው ነበር።

ስለ ገንዘብ ማስረጃው ያገኘሁት ምክርም ጎዶሎ ነበር። ለዕድል ካርድ በ2025 ስሌት በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ እንዳለ ማሳየት ያስፈልጋል። አማካሪዋ ያወቀችው አንድ መንገድ ነው፤ ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በየወሩ እየተለቀቀ መቀበል። በብር የሚከፈል ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ይህን ያህል ዩሮ ከየት ያመጣል ብዬ ስጠይቅ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉ። አንዱ በጀርመን ከሚገኝ ቀጣሪ የተጻፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ ውል ማቅረብ ነው። ሌላው በጀርመን የሚኖር ሰው በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርቦ፣ ገቢው ተመርምሮ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ የሚፈርመው የዋስትና ቃል ነው። የፍራንክፈርቱ የአክስቴ ልጅ የፈረመልኝ ይህንን ነው። ቀላል ነገር አድርጌ ላሳየው አልፈልግም፤ መንግሥት ለተጋባዡ ኑሮ ባወጣው ወጪ ዋሱ እስከ አምስት ዓመት ሊጠየቅ ይችላል። ከመፈረሙ በፊት አክስቴ ባለችበት በስልክ ተነጋግረናል፤ እኔም ምን እንደሚፈርም በዝርዝር አንብቤለታለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር «ዘመድ ካለዎት ይፈርምልዎታል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ቢሮው ግን ያንንም አላለኝም።

ከእኔ ጉዳይ ይልቅ ያሳዘነኝ የባለቤቴ እህት ጉዳይ ነው። ነርስ ናት፤ በእኔ ምክንያት ወደዚያው ቢሮ ሄደች። ለእርሷም ያው ሠንጠረዥ ከመሳቢያው ወጣ፣ ያው ቀይ እስክሪብቶ አከበበ፣ የዕድል ካርድ ታዘዘላት። ነርስነት ግን በጀርመን በሕግ ቁጥጥር ያለበት ሙያ ነው፤ ዲግሪና ልምድ ቢኖርም የሙያ ፈቃድ ሳይገኝ በነርስነት መሥራት አይቻልም፤ ፈቃዱን የሚሰጡትም ከ16ቱ ክፍላተ አገር እያንዳንዱ በየራሱ ባለሥልጣን በኩል ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሰነዶቿ ለአንዱ ክፍለ አገር ባለሥልጣን ይላካሉ፤ ባለሥልጣኑ ትምህርቷን ከጀርመኑ ጋር አመሳክሮ የጎደላትን የሚዘረዝር ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ከዚያ ጀርመን ገብታ የማስተካከያ ሥልጠና ትወስዳለች ወይም የዕውቀት ፈተና ትቀመጣለች፤ በዚህ ጊዜ በረዳትነት እየሠራች ደመወዝ ታገኛለች። ለዚህ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለ፤ ጀርመንኛ ቢያንስ በኤ2 ደረጃ ይፈልጋል። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የዕውቅና ሽርክና የተባለ አማራጭ ተጨምሯል፤ በእርሱ ሠራተኛዋና ቀጣሪዋ ተስማምተው የዕውቅናውን ሂደት ከገባች በኋላ መጀመር ይችላሉ፤ ቆይታው እስከ ሦስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። በዕድል ካርድ ሄዳ ቢሆን ኖሮ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ እየሠራች፣ የዓመቱ ሰዓት እየቆጠረባት፣ ገና ያኔ ሰነዶቿን መላክ ትጀምር ነበር።

ይህን የነገረን ሌላ አማካሪ አይደለም፤ ቦን ከተማ ያለው የሙያ ዕውቅና ማዕከላዊ አገልግሎት ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውጭ ለሚኖሩ ሰዎች ምክር ይሰጣል፤ ክፍያ አይጠይቅም። የባለቤቴ እህት በኢሜይል ጻፈችላቸው፤ በየትኛው ክፍለ አገር ለማመልከት እንደምትፈልግ ጠይቀው የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዘርዝረው መለሱላት። መልሱ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ለቢሮው ከከፈለችው 16,000 ብር ጋር ሳነጻጽረው አልዋጥ አለኝ።

ቢሮው መረጃውን የማያድስ መሆኑን የሚያሳዩ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ በተደረደረው በራሪ ወረቀት «ለእንግሊዝ የእንክብካቤ ሠራተኞች» የሚል አገልግሎት ተጽፏል። እንግሊዝ ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንክብካቤ ሠራተኞችን በሥራ ቪዛ ከውጭ አገር አዲስ መቅጠር አቁማለች። በዚሁ ወረቀት ላይ «ለተከለከለ የጀርመን ቪዛ የይግባኝ ደብዳቤ፣ 9,000 ብር» ይላል። ጀርመን ለኤምባሲው የሚጻፈውን ያንን የቅሬታ ሥርዓት ከሐምሌ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው ዓለም አንስታዋለች፤ የተከለከለ ሰው ያለው አማራጭ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ነው። ደብዳቤውን ቢጽፉለት የሚያነብለት አካል የለም። የእኔ የተሳሳተ ነጥብ ለምን እንዳስደነገጠኝ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፤ ቀድሞ «ስህተት ነው፣ ይታረምልኝ» ተብሎ በደብዳቤ ሊስተካከል የሚችል የነበረ ነገር አሁን አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ 75 ዩሮና አዲስ ወረፋ ነው።

አንድ ተጨማሪ አገልግሎት እንድገዛም ተጋብዤ ነበር፤ «ቀጣሪ ፈልጎ ማገናኘት» ይባላል፣ 150,000 ብር። እምቢ አልኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድ የማማከር ፈቃድ ነው። ሠራተኛን ከውጭ አገር ቀጣሪ ጋር ማገናኘት በአገራችን ሕግ ሌላ ሥራ ነው፤ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚሰጥ የራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም ለይቶ አስቀምጧል፦ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ክፍያው የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃና የመሳሰሉት የሠራተኛው ናቸው። ይህን ስላቸው ሥራ አስኪያጁ «እሱ ለዓረብ አገር ነው፣ አውሮፓን አይመለከትም» አሉኝ። አዋጁን አውርጄ ዓረብ አገር የሚል ልዩነት ፈልጌ አላገኘሁም።

ሥራ አስኪያጁን ያነጋገርኩት በታኅሣሥ ወር ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው ያናገሩኝ፣ እኔም አንቱ እያልኩ ቅሬታዬን አቀረብኩ። የነጥቡን ስህተት፣ የባለቤቴን እህት ጉዳይና በራሪውን ወረቀት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አማካሪዋን አስጠርተው ስለ አይኤልትሱ ጠየቋት፤ እርሷም ሠንጠረዡን «እንግሊዝኛ ካለ አንድ» ብላ በቃሏ እንደያዘችው ተናገረች። ሰውዬው አልተከራከሩኝም። ውሉን አስተካክለው ለሰነድ ሥራው ብቻ እንድከፍል ተስማማን፤ መጀመሪያ በከፈልኩት 16,000 ብር ላይ 4,000 ጨምሬ ከፍዬ ቀሪውን 12,000 ትተውልኛል። ለባለቤቴ እህት ደግሞ ከ16,000ው 10,000 ብር ተመልሶላታል። ይህን የምጽፈው ፍትሐዊ ለመሆን ነው፤ ስህተቱን ሲያዩ ያልሸሹ ሰዎች ናቸው፣ ሕጋዊ ደረሰኝም በዚያው ቀን ቆርጠዋል።

ማመልከቻ መሙላቱን ያለ እነርሱ ጨርሻለሁ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የጀርመን የብሔራዊ ቪዛ ማመልከቻ በቆንስላ አገልግሎቶች መግቢያ ገጽ በኩል በኢንተርኔት ይሞላል፤ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ የፈቃዱን ዓይነት ራሳቸው ያጠባሉ፤ ሰነዶቹም እዚያው ይጫናሉ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በዚያች ሠራተኛ እጅ የተቆጠረው ቢጫ ማኅደር የጠቀመኝ ያኔ ነው፤ ገጹ የጠየቀኝን እያንዳንዱን ወረቀት በቁጥሩ እያወጣሁ በስልኬ ስካን አደረግሁ። ለቃለ መጠይቅ የተባለውን ዝግጅት አልወሰድኩትም፣ ስለዚህም አልመዝነውም።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ለሰነድ ሥራ ከሆነ ይህን ቢሮ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በእኔ ግምት 20,000 ብር ለዚያ ሥራ ውድ ነው፣ ግን ሳይት ላይ ለሚውል ሰው የሚያስቆጭ አይደለም። የትኛውን ፈቃድ ልጠይቅ ለሚለው ከሆነ ግን ከአሥር ሁለት ነው የምሰጠው፤ ሁለቱም ሠንጠረዡ መኖሩን ስላሳወቁኝ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዲግሪውን በአናቢን ፈልጎ፣ ሙያው ቁጥጥር ያለበት መሆን አለመሆኑን አይቶ፣ የሚፈልገውን የፈቃድ ስም በወረቀት ጽፎ ቢሄድ ከአማካሪዋ ጋር ያለው ጨዋታ ይቀየራል። የባለቤቴ እህት አሁን የቢ1 ጀርመንኛ ትምህርቷን ይዛለች፤ ሰነዶቿ በዚሁ ቢሮ፣ በዚያችው ባለ ማስመሪያ ሠራተኛ በኩል በመረጋገጥ ላይ ናቸው፣ ክፍያውም በአንድ ሰነድ ተቆጥሮ ነው የተስማማነው።